ከበሮ ያልተመታበት ወቅት

ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2011

ዛሬ አስተዋወቁን። የቦርዱ ሰብሳቢ አትናቴዎስ ህሊናን ከጎኑ አቁሞ «ጋሽ ጌጡን መቼም ታውቂያቸዋለሽ» አላት፤ ሰዉም ሳቀ። እንዴት አታውቀኝ! የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ትከሻዋን ከአንገቷ ለይታ እንድትመታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዳ ዘመናዊ ዳንስ ተማረች፣ ውጭ አገር ድረስ እየተጠራች ጨፈረች፣ እሰይ። አሁን ደግሞ ተመልሳ የጓሳ የውዝዋዜ ቡድን ተጠባባቂ ዳይሬክተር ሆነች። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነው። እኔ እዚህ ቡድን ውስጥ ብቻ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።

ቦታው እምሩ ጥቅምት ላይ ከሞተ ጀምሮ ባዶ ነበር። ቡድኑን ያቋቋምነው እኔና እሱ ነን። እሱ ዳይሬክተር፣ እኔ አሰልጣኝ። እሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲናገር እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ላቤን ሳፈስ ኖርኩ። ማን ሊተካው እንደሚገባ ዘመሮ ገበያ ድንች የምትሸጥ ሴት ብትጠየቅ ታውቀዋለች። አትናቴዎስ ግን አያውቅም። ቋሚው ዳይሬክተር የሚሾመው ከፋሲካ በኋላ፣ አዲሱ ትርኢት ከታየ ወዲያ ነው አለ።

ስንወጣ ተከትላኝ መጣች። «ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለአንድ ወቅት ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ» አለችኝ። ወንበር ላይ ተቀምጦ በፈቃዱ የተነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ከተወዛዋዦቹ አንዷ ራውዳ ለጓደኞቿ ስታወራ ሰማኋት። «ጋሽ ጌጡ ጎበዝ ነበሩ» ትላለች። ነበሩ! በሩ ላይ ቆሜያለሁ እኮ።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ዐቢይ ጾም ገባ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ከበሮዎቹን በጨርቅ ሸፍኜ አዳራሹን እቆልፋለሁ፤ ሁሉም እስከ ፋሲካ ወደየቤቱ ይሄዳል። ዘንድሮ ወይዘሪት ህሊና ቀን መቁጠሪያ ይዛ መጣች። ፋሲካ ሚያዝያ 20 ነው፣ ረመዳን ጨረቃዋ ከታየች ሚያዝያ 28 ይገባል። በመሃል ያለችው አንዲት ሳምንት ናት። ራውዳ የሙስሊም ልጅ ናት፣ ቤተሰቦቿ ቆላ ወርደው ሱቅ ያላቸው፤ ረመዳን ከገባ መድረክ አትወጣም። እሷ ከሌለች ደግሞ ትርኢቱ የለም፣ ይህን እኔም አልክድም። ከዚያ ወዲያ ክረምት ነው፤ በመንዝ ክረምት ለጭፈራ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ያበደ ብቻ ነው።

«ስለዚህ በጾሙ እንለማመዳለን» አለች። ከበሮ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ዘፈን የለም። ማንንም አንረብሽም፤ በእግርና በትንፋሽ ብቻ።

በትንፋሽ! በከበሮ ያደጉ ልጆች በትንፋሽ ይጨፍሩ ተባለ። ልብሱም ባና ነው። ጥልፍ ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና ዘጠኝ ልጆች የበግ ጠጉር ተከናንበው ይወጣሉ። ጭፈራ ነው ወይስ ብርድ መከላከያ ብዬ ጠየቅኋት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። የሷ ሳቅ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ቢሮዋ ጠርታ ሥራውን ለእኔ ብቻ ዘርዝራ ነገረችኝ። ሰባት ትዕይንት አለው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለቅሶ ነው። መርዶ፣ ድንኳን፣ ቀብር፣ ሰልስት እያለ ይሄዳል። ስድስተኛው ትዕይንት ላይ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛ።

«ማን ነው የሚሠራው?» አልኳት።

«እያሰብኩበት ነው ጋሼ» ብላ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች።

አዙራ መናገሯ መሰለኝ። አገሩ የሚያወራውን እሷም ሰምታለች ማለት ነው። እምሩ ሲቀበር አልሄድኩም። ጉልበቴ አብጦ ነበር። መቃብሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ዳገት ላይ ነው፣ ያን ዳገት በዚያ ጉልበት እንዴት ልውጣው? ለሰልስቱም አልተሻለኝም ነበር። አርባው ሲወጣ ደግሞ ራቤል ሥራ ነበረኝ። ሰው ሚዜው ነበር እያለ ያወራል፤ ሚዜ የሆነ ሰው ጉልበቱ አያብጥም የሚል ሕግ አለ?

ይህ ደብተር የማንም አይደለምና ልጻፈው። መስከረም ላይ እምሩ ታሞ አልጋ ከያዘ በኋላ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። «ጌጡ፣ አንተ እጅ ነህ፤ እሷ ዓይን ናት። ከእኔ በኋላ ህሊናን ጥሩልኝ» አለኝ። ለሃያ አንድ ዓመት ድካም የተሰጠኝ ስም እጅ ነው። ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ልኮብኝ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር አልሄድኩም። ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ ማን ቢሆን ይሄድ ነበር?

እሑድ፣ መጋቢት 1

ከቅዳሴ በኋላ እግረ መንገዴን ከአባ ወልደ ጻድቅ ጋር ጥቂት ተጨዋወትን። ስለ ልምምዱ ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ማለት ይቻላል። እኔ የነገርኳቸው የማውቀውን ብቻ ነው። ሰው ሳይሞት ማልቀስ በአገራችን ምን እንደሚባል እሳቸውም ያውቃሉ። ሟርት ነው። ድንኳን የተከለ ሬሳ ይጠራል ይባላል። እኔ አላልኩም፣ ይባላል ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ወረቀት ገዛሁ። ሁለት ገጽ ጽፌ በንጹሕ ገለበጥኩት። ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

አዳራሹ ታሽጎ አገኘነው። ለአስተዳደሩም ለቤተ ክርስቲያኑም ደብዳቤ ገብቷል አሉ። በጾም ይጨፍራሉ፣ በከተማው ላይ ሟርት ያሟርታሉ የሚል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ ፊርማ የለውም። ይህ ሕዝብ መጻፍ ይወዳል፤ የፈለገው ሰው ሊሆን ይችላል።

ልጆቹ በር ላይ በብርድ ቆመው ራውዳ ስታለቅስ አየሁ። ደግ አድርጌ አጽናናኋት። «ዕድሜ ለዳይሬክተራችሁ በሉ» አልኩ። ይህን ባልል ይሻል ነበር። ግን እውነት ነው፤ እኔ ብሆን ኖሮ አዳራሹ በሰላም ተዘግቶ ፋሲካን ይጠብቅ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

የዛሬውን በዝርዝር ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ሽማግሌዎቹና ካህናቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፉ ሥር ጠሩን። እኔን የቡድኑ ተወካይ ብለው ከሷ ጎን አቆሙኝ። አባ ወልደ ጻድቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጀመሩ።

«ልጄ፣ በጾም ዘፈን አለ ተብለናል።»

«ዘፈን የለም አባቴ። ለቅሶ ነው።»

«እንግዲያ ባሰ። ሰው ሳይሞት ለቅሶ ምን ይባላል?»

«ሰው ሞቷል አባቴ።»

«ማን?»

«ጋሽ እምሩ። ከተማው ቀብሮታል። እኛ ግን ልጆቹ ነን፤ በምናውቅበት አላለቀስንለትም። እኛ የምናውቀው በሰውነታችን ነው።»

ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። አባ ወልደ ጻድቅ «የሞተ ካለማ ሟርት አይደለም። ማልቀስን ጾም አይከለክለውም፤ ጌታችንም ለአልዓዛር አልቅሷል» አሉ። «ደረት መድቃትና ፊት መንጨት ግን በቤተ ክርስቲያናችን አልተፈቀደም። እሱን ተጠንቀቂ።»

«እሺ አባቴ። እጃችን ደረታችን ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይቆማል። እንደሱ ነው የሠራነው።»

አንዱ ሽማግሌ እንባውን ጠረገ። ደረት ለመምታት የተነሳ እጅ ሳይደርስ አየር ላይ ሲቆም በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ አርባ ዓመት ብጨፍርም እኔ አላስበውም ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚህ ደብተር ብቻ ነው።

አዳራሹ ተከፈተ። ደብዳቤው ባይጻፍ ይህ ሁሉ ሰው ስለ ሥራው አያውቅም ነበር፤ አሁን ከተማው በሙሉ የእምሩ ለቅሶ ነው ብሎ ቀን ይቆጥራል። ልጆቹ መንገድ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ይኼ ነው» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ከኋላቸው ነበርኩ። ወደ ኋላ ዞሮ ያየኝ የለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ልምምዱ ቦታ መቆሚያ የለም። ከራቤል እትዬ ዘነበች የሚባሉ አሮጊት ሙሾ አውራጅ መጥተዋል፤ የድሮውን የለቅሶ አቋቋም ለልጆቹ ያሳያሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ባና ደርበው ሲቆሙ ከኔ ይልቅ ቀጥ ይላሉ። አንዱ ልጅ ለምን ሐዘንተኛው በየጊዜው ይነሳል ብሎ ጠየቃቸው።

«ዘግይቶ ለሚመጣ ለቀስተኛ ሐዘንተኛ ይነሳለታል» አሉት። «ድንኳኑ ቢፈርስም፣ ዓመት ቢሞላውም ይነሳለታል። እንደ አዲስ ይለቀሳል። የሚመጣው ሰው ያስቀየመ ቢሆንስ ትለኝ ይሆናል። እሱ ከመጣማ ቂሙም አብሮ ይለቀሳል።»

የእምሩ ባለቤት አበዛሽም መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቁሯን አልጣለችም። አጎንብሼ ሰላም አልኳት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችልኝ። ሌላ አልተነጋገርንም። ብዙ ሰው ነበር፣ አይመችም።

ስድስተኛው ትዕይንት ላይ ሲደርሱ ሁሉም መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወደ ሰባተኛው ያልፋሉ። የሚመጣው ሰው የለም። ረስታዋለች ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 30

አልረሳችውም።

ልምምድ ካለቀ በኋላ ቅሪልኝ ሳልላት ቀረች። «ጋሼ፣ ስድስተኛውን ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኩት» አለችኝ። ምንም ዝላይ የለውም፣ ጉልበት አይጠይቅም። ከአዳራሹ በር እስከ መድረኩ መሄድ ነው፤ እንደሚሄድ ሰው መሄድ። ከዚያ ልጆቹ ይነሱልኛል።

ደሜ ፈላ። «በአገር ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አልኳት። «ቀብር ያልሄደው ጌጡ ይኸው ተብሎ ትኬት ሊቆረጥብኝ ነው?»

«አይደለም። ሌላ ሰው ቢሠራው ውሸት ይሆናል፤ ለዚህ ነው።»

«ቦታዬን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ስሜን ፈለግሽ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጋሼ፣ ደብዳቤውን አባ ወልደ ጻድቅ አሳይተውኛል። ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ስለሚመጣው ሰው ተጽፏል። ያን ትዕይንት ያኔ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ «ለማንም አልናገርም። ቦታው ግን ክፍት ነው፣ እስከ መጨረሻው ቀን» ብላ ባናዋን አጥፋ ሄደች።

ሰው ወሬ ሲያወራ ማን ከማን እንደሰማ ምን ይታወቃል? ልጆቹ ሰምተውት ሊሆን ይችላል። በር ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል። ደግሞ ብታውቅ ለምን አላጋለጠችኝም? ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ብትጮህብኝ እጮህባት ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

አትናቴዎስ ቤት ሄድኩ። ቡድኑ ባህሉን እየለቀቀ ነው አልኩት፣ ልጆቹ እስክስታ እየረሱ ነው አልኩት። ሰማኝ። ሲሸኘኝ «ጋሽ ጌጡ፣ እስከ ትርኢቱ እንታገሥ» አለ። የቦርድ አባል ሁሉ ሲታገሥ ነው የሚያረጀው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «የት ዋልክ?» አለች፤ ነገርኳት። «ለአትናቴዎስ ቤት ዳገቱን ወጣኸው?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። የአትናቴዎስ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ፋሲካ፣ ሚያዝያ 20

እንኳን አደረሰን። በግ አረድን። ለአበዛሽ ሥጋ ልላክላት ብዬ ነበር፣ በማን ልላከው? ቀረ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

ሁለት ቀን ቀረው። እርም ብያለሁ፣ አልሄድም። ሄጄ ግን መብራቱን ማየት ይኖርብኛል፤ የዚያ አዳራሽ መብራት ካለ እኔ አይስተካከልም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 27

ትናንት ትርኢቱ ታየ።

ከኋላ፣ በሩ ሥር ቆምኩ። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ሳይጨምር። አበዛሽ ፊት ወንበር ላይ ናት፣ እነ አባ ወልደ ጻድቅ ከጎኗ። ከበሮ የለም። ጾሙ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፣ መምታት ይቻል ነበር፤ ግን እንደለመዱት ተዉት። የዘጠኝ ሰው እግር መሬት ሲነካ፣ ባናው ሲፋተግ፣ ትንፋሻቸው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይሰማል። ራውዳ እጇን አንስታ ደረቷ ጋ ልታደርሰው ስትል አየር ላይ ቀረ። ሴቶቹ ኡኡ ሊሉ ሲሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጥሩ ነበር። ጥሩ አልነበረም ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል፤ እኔም አላምነው።

ስድስተኛው ደረሰ። ልጆቹ መድረኩ ላይ በክብ ተቀመጡ፣ አንድ ሰው የሚገባበት ቦታ ትተው። ተቀምጠው ወደ በሩ ያያሉ። በልምምድ እስከ አሥር ተቆጥሮ ይታለፍ ነበር፤ ትናንት አላለፉም። ጠበቁ። ሰው ሳል ሳል አለ፣ ከዚያ ሳሉም ቆመ። አንድ ሁለቱ ወደ ኋላ ዞሩ። ሌሎችም ዞሩ። አበዛሽም ዞረች።

አየችኝ።

ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሳች። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ቆመች። ህሊና እንዳልነገረቻት አውቃለሁ፤ አበዛሽ በሰው ትእዛዝ የምትነሳ ሴት አይደለችም። ከዚያ አባ ወልደ ጻድቅ ተነሱ፣ ልጆቹ ተነሱ፣ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ሦስት መቶ ሰው ለእኔ ቆመ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አልሳቀብኝም። መንገዱን ለቀቁልኝ፤ በመሃል እስከ አበዛሽ ድረስ ባዶ ሆነ። ሃያ እርምጃ ይሆናል።

ወጥቼ ሄድኩ።

በሩን ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት። ውጭ ጉሙ ወርዶ ስለነበር ማንም አላየኝም። ከኋላዬ ልቅሶው ሲፈነዳ ሰማሁት፤ የመድረክ አይደለም፣ የእውነት ነው። እኔን ለማዋረድ የተሸረበ ነገር ነው ብዬ እየተናደድኩ ሄድኩ። አሁን ስጽፈው ግን ማን እንደሸረበው ስም ማግኘት አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 29

ሾሙኝ።

አትናቴዎስ ማኅተሙንና የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ህሊና ከትርኢቱ በፊት፣ ገና በጾሙ መሃል ለቦርዱ ጽፋ ሰጥታ ኖሯል። ይዘቱን አነበበልኝ። እሷ የተዋዋለችው ለአንድ ሥራ መሆኑን፣ ቋሚ ቦታውን እንደማትፈልገው፣ ለቦታው የሚገባው ሃያ አንድ ዓመት ልጆቹን ያሠለጠነው ጌጡ መሆኑን ነው የሚለው። «ታዲያ ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?» አልኩት። «እንታገሥ አላልኩህም?» አለኝ። አንተ ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

ደብዳቤዋ የተጻፈበት ቀን መጋቢት 10 ነው። አዳራሹ በታሸገ ማግስት።

ዛሬ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ልሸኛት አስቤ ነበር፤ አውቶቡሱ በጠዋት ነው የሚነሳው። ልጆቹ ሁሉ ሸኟት። ከሰዓት በኋላ ልምምድ መጡ፤ ስምንት ናቸው፣ ራውዳ በጾም ላይ ናት። ከበሮውን ራሴ ገለጥኩና መታሁ። በሥርዓቱ ጨፈሩ፣ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ሲያልቅ «እናመሰግናለን ጋሼ» ብለው ሄዱ። እንደ ጥሩ ሠራተኛ።

ዓርብ፣ ግንቦት 2

ዛሬ አበዛሽ ቤት ሄድኩ።

ሳልጽፈው ልተወው ነበር። ጠዋት ገላዬን ታጠብኩ፣ ነጠላዬን እንደ ለቀስተኛ አጣፋሁ። ባለቤቴ አይታኝ ጫማዬን አቀበለችኝ። መንገድ ላይ የምለውን ስደጋግም ነበር። ታምሞ ሁለት ጊዜ ልኮብኝ እንደነበር ልነግራት ነበር፣ ደብዳቤውንም ልነግራት ነበር፣ ሁሉንም።

ደጃፏ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። በሩ ጋ ቆምኩ። «እግዜር ያጥናሽ አበዛሽ» አልኳት። ሰባት ወር ሊሞላው ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። ቆሜ ጠበቅኩ።

አልተነሳችም። አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ጣለች፣ ሌላም ጣለች። ክፋት ፊቷ ላይ አልነበረም፤ የደከማት ሴት ፊት ነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቅዳሜ ተነስቼልህ ነበር እኮ» አለችኝ።